ትልቅ መጽሐፍ ሌይአውት ከመጀመራችሁ በፊት ፎልደሩን አደራጁ

አምስት መቶ ገጽ የሚያልፍ መጽሐፍ ሌይአውት ልትሠሩ ነው እንበል፤ ጽሑፉንና ፎቶውን በየገጹ ልትደረድሩ ማለት ነው። ወደ አርባ የሚጠጋ ምዕራፍ አለው። ሁለት መቶ ምናምን ፎቶ አለው። የግርጌ ማስታወሻው ብዙ ነው፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ የሰዎችና የቦታዎች መጠቁም (ስሙ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር) ይፈልጋል። ታይፕ ያደረጉት ሦስት ሰዎች ናቸው፣ አርታኢው ሌላ ነው፣ ደራሲው ደግሞ በየሁለት ቀኑ እየደወሉ «አንዲት ነገር ልጨምር» ይላሉ። በዚህ ሙያ የሚያድር ሰው ሁሉ ይህን ዓይነት ሥራ ያውቀዋል። አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው በዲዛይኑ ነው። ፎንቱ የቱ ይሁን፣ ህዳጉ ስንት ይሁን፣ የምዕራፍ መክፈቻው ምን ይምሰል ይላል። እኔ እንደማየው ግን መጽሐፍ የሚዘገየውም የሚበላሸውም በፋይል ነው። የቱ ፋይል ትክክለኛው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ ያኔ ጉድ ይፈላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባለ ሠላሳ ገጽ ብሮሹር ላይ የቱ ፋይል የቱ እንደሆነ በቃላችሁ ትይዙታላችሁ። ወራት የሚፈጅና አምስት ሰው የሚነካካው መጽሐፍ ግን በቃል አይያዝም። ስለዚህ የማስታወሱን ሥራ ለፎልደሩ ስጡት። ሁሉም ነገር የሚቆመው በአንድ ደንብ ላይ ነው፦ መጽሐፉ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ነገር አንድ እውነተኛ ቦታ ይኑረው። የአንድ ምዕራፍ እውነተኛ ጽሑፍ ያለው አንድ ፋይል ውስጥ ብቻ ነው። የአንድ ፎቶ እውነተኛ ፋይል ያለው አንድ ቦታ ነው። ሌላው ሁሉ ወይ ቅጂ ነው ወይ ከእሱ የወጣ ነው። ፒዲኤፍ ለምሳሌ የወጣ ነገር ነው። ዛሬ ቢጠፋ ነገ መልሳችሁ ታወጡታላችሁ። የወጣበት ፋይል ከጠፋ ግን በቃ፣ አለቀ። ምንጩንና ውጤቱን ለይቶ ማስቀመጥ ከቻላችሁ የሥራው ግማሽ ተሠራ ማለት ነው።

የድሮ ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም መጽሐፍ የሚዘጋጀው በፊደል ለቀማ ነው፤ ሠራተኛው የእርሳስ ፊደሎችን አንድ በአንድ ከሳጥን እየለቀመ መስመሩን ይደረድራል። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ቤት 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹና ቁጥሮቹ ሳይቆጠሩ። እያንዳንዷ ፊደል የራሷ ሳጥን አላት። ሥራው ታትሞ ሲያበቃ ሁሉም ወደየሳጥናቸው ይመለሳሉ። የሌላ ሳጥን ውስጥ የገባች ፊደል በሚቀጥለው መጽሐፍ ላይ ስህተት ሆና ትወጣለች። እኛ ዛሬ የምንዝረከረከው ሳጥኑ በዓይን ስለማይታየን ነው።

ፎልደሩ

በመጽሐፉ ስም አንድ ፎልደር ክፈቱ። ከዚህ ፎልደር ውጭ ስለዚህ መጽሐፍ ምንም ነገር አይኑር። ዴስክቶፕ ላይ አይኑር፣ ዳውንሎድ ውስጥ አይኑር፣ የጓደኛ ላፕቶፕ ላይ አይኑር። ውስጡን ደግሞ በቁጥር ክፈሉት። እኔ የምጠቀመው ይህን ነው፦ 00 የመጣ፣ 10 ጽሑፍ፣ 20 ምስል፣ 30 ሌይአውት፣ 40 እርማት፣ 50 የወጣ። በአሥር በአሥር የምዘለው በኋላ መሀል ላይ ሌላ ፎልደር ማስገባት ቢያስፈልግ ቦታ እንዲኖር ብዬ ነው፤ ትልቅ ሥራ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ያስፈልጋል።

«የመጣ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ከደራሲው፣ ከአርታኢው፣ ታይፕ ካደረጉት ልጆች የመጣው ሁሉ እንደመጣ ይቀመጣል። አይነካም። ስሙ እንኳን አይቀየርም። በመጣበት ቀን ንዑስ ፎልደር ተከፍቶለት እዚያ ይገባል፣ ከዚያ ቅጂው ወደ «ጽሑፍ» ይሄዳል፣ ሥራ የሚሠራው ቅጂው ላይ ነው። ትርፍ ሥራ ይመስላል። ግን አንድ ቀን ደራሲው ስልክ ደውለው «እኔ እንዲህ ብዬ አልጻፍኩም» ሲሉ ያን ጊዜ ጥቅሙን ታዩታላችሁ። የመጣውን ከፍታችሁ ማየት ነው። ክርክር የለም፣ መቀያየም የለም።

«የወጣ» ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከእጃችሁ ወጥቶ ወደ ሰው የሄደ ነገር ሁሉ ቅጂው እዚህ ይቀራል። ይህን ብዙ ሰው አያደርገውም፤ እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ፎልደር እሱ ነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ለደራሲው የማክሰኞውን ፒዲኤፍ ላካችሁ። እሳቸው አራት ኪሎ ካፌ ቁጭ ብለው በቀይ እስክሪብቶ ያርሙታል። ሳምንት ቆይተው ደውለው «ገጽ 214 ላይ ሦስተኛው አንቀጽ ይውጣ» ይላሉ። እናንተ በመሀል ሁለት ፎቶ አስገብታችኋል፣ የእሳቸው ገጽ 214 የእናንተ ገጽ 217 ሆኗል። የዛሬውን ፋይል ከፍታችሁ ገጽ 214 ላይ ያለውን ሦስተኛ አንቀጽ ካወጣችሁ ጤነኛ አንቀጽ ጠፋ ማለት ነው፤ ማንም ሳያውቅ መጽሐፉ ይታተማል። እሳቸው የያዙት ያው ፒዲኤፍ በእጃችሁ ካለ ግን ሁለታችሁም አንድ ገጽ ነው የምታዩት።

ስምና ቀን

የፋይል ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ይሁን፤ ክፍት ቦታ አይኑረው፣ በምትኩ ሰረዝ ይግባበት። አማርኛ ስም መስጠት ደስ ይላል፣ ዛሬ አብዛኛው ኮምፒውተርም ይቀበለዋል። ግን ዚፕ ተደርጎ፣ በፍላሽ ዞሮ፣ አንድ ማተሚያ ቤት ያለ አሮጌ ማሽን ላይ ሲከፈት ስሙ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ሌይአውቱ ፎቶዎቹን በስማቸው ሲፈልግ አያገኛቸውም። ሌላም አለ። በአማርኛ ስትጽፉ አንዱ «ጸሐይ» ይላል፣ ሌላው «ፀሐይ»፤ ኮምፒውተሩ እነዚህን እንደ ሁለት የማይተዋወቁ ቃላት ነው የሚያያቸው።

የምዕራፍ ፋይል ላይ የምዕራፉን ቁጥር አታስገቡ። ይህን ስል ብዙ ሰው አይስማማኝም፤ እኔ ግን አልለቅም። ደራሲ ምዕራፍ ያዟዙራል። ሰባተኛው ወደ አሥራ አንደኛ ይሄዳል፣ አምስተኛው ለሁለት ይከፈላል። ስሙ ላይ ቁጥር ካለ ወይ ሠላሳ ፋይል ስሙን ትቀይራላችሁ፣ ወይ «ምዕራፍ 7» የሚባለው ፋይል ውስጥ ምዕራፍ 11 ተቀምጦ ትኖራላችሁ። ከይዘቱ ስም ስጡት፦ ልጅነት፣ ስደት፣ መመለስ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ማለት ነው። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ሌላ ፋይል ነው፤ እመጣበታለሁ።

«የመጨረሻ» የሚል ቃል ፋይል ስም ላይ አይጻፍ። ቀን ጻፉ። ቀኑም ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ቅደም ተከተል ይሁን፤ በስም ሲደረደር በጊዜም ይደረደራል። እዚህ ላይ ግን እኛ አገር ብቻ ያለ ጣጣ አለ። 2017-02-05 የሚል ፋይል ብታዩ መቼ ነው? በእኛ ከሆነ ጥቅምት 5 ቀን 2017 ነው። በፈረንጆቹ ከሆነ ጥር 28 ቀን 2009 ነው። አንድ ቡድን ውስጥ አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ ሲጽፍ ፋይሎቹ በሰባትና ስምንት ዓመት ተራርቀው ይደረደራሉ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ኮምፒውተሩ 15፡00 ያለው እኛ ዘጠኝ ሰዓት የምንለው ነው። የመጀመሪያው ቀን ላይ ተስማሙ። እኔ ለፋይል ስም የፈረንጁን እመርጣለሁ፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ፋይሉ ላይ የሚመዘግበው ቀን እሱ ስለሆነ ማመሳከር ይቀላል። በእኛ እንሂድ ካላችሁም ችግር የለውም፣ ሁላችሁም በአንዱ ከሄዳችሁ።

መጽሐፉን መከፋፈል

አምስት መቶ ገጽ አንድ ፋይል ውስጥ አይቀመጥም። ፋይሉ ይከብዳል፣ ሁለት ሰው አብሮ ሊሠራበት አይችልም፣ መብራት ጠፍቶ ቢበላሽ ደግሞ ሁሉም አብሮ ይበላሻል። መከፋፈል ግድ ነው። የሚከፋፈለው በምዕራፍ ነው። ምዕራፎቹን የሚሰበስብ፣ ቅደም ተከተላቸውን የሚያውቅ አንድ ዋና ፋይል ይኖራል። ይህ ሐሳብ የትኛውም ፕሮግራም ላይ አንድ ነው።

ኢንዲዛይን በሚባለው የሌይአውት ፕሮግራም ላይ ይህ ዋና ፋይል ቡክ ይባላል። ቡኩ ራሱ ጽሑፍ የለውም፤ የሰነዶች ዝርዝር ነው። የገጽ ቁጥሩን ከአንዱ ምዕራፍ ወደ ሌላው ያስቀጥላል፣ ማውጫውን ከሁሉም ይሰበስባል። ከምዕራፎቹ አንዱ የስታይል (የርዕስና የጽሑፍ መልክ) ምንጭ ይሆናል። የርዕሱን መጠን እዚያ ላይ ቀይራችሁ ሲንክሮናይዝ ስትሉት ሌሎቹም ይከተላሉ። ስለዚህ ስታይል የምትነኩት በዚያ በአንዱ ሰነድ ላይ ብቻ ነው። አንዱ ልጅ ምዕራፍ 19ን ሲሠራ ርዕሱ አልገባ ብሎት በእጁ መጠኑን ካሳነሰ በሚቀጥለው ሲንክሮናይዝ ወይ ይጠፋበታል፣ ወይ ተደብቆ ይኖርና ታትሞ ሲወጣ አንድ ምዕራፍ ከሌሎቹ የተለየ ሆኖ ይገኛል።

ላቴክ ላይ ነገሩ ይበልጥ ጥርት ይላል። ለማያውቁት ባጭሩ፦ መሠረቱ የሆነውን ቴክን የጻፈው አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ዶናልድ ክኑዝ ነው። የራሱ መጽሐፍ የአዲሱ እትም ናሙና ሲደርሰው የፊደሉ አደራደር አስጠላውና ፕሮግራሙን ራሱ ሠራው፤ የመጀመሪያው ቴክ በ1978 እ.ኤ.አ. ወጣ። ላቴክን ደግሞ ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ በላዩ ላይ ገነባው። ጽሑፉን ከነትእዛዙ ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ ትጽፋላችሁ፣ ገጹን ፕሮግራሙ ይሠራል። ለአማርኛ የሚሆኑት ዚላቴክና ሉዋላቴክ ናቸው፤ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል የሚያውቁበት የጋራ ደንብ) ያነባሉ፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ የተጫነውን ፎንትም በቀጥታ ይጠቀማሉ።

እዚህ ዋናው ፋይል ሁለት ገጽ ቢሆን ነው። ላዩ ላይ የገጹ መጠንና ፎንቱ ይገለጻል፤ ከታች «ልጅነትን አስገባ፣ ስደትን አስገባ፣ መመለስን አስገባ» የሚሉ መስመሮች ይደረደራሉ። ደራሲው ምዕራፍ ሲያዟዙሩ አንዱን መስመር ቆርጣችሁ ሌላ ቦታ መለጠፍ ነው፣ ቁጥሩ በራሱ ይስተካከላል። ለምዕራፍ የሚሆነው ትእዛዝ ኢንክሉድ ይባላል፤ ሁልጊዜ አዲስ ገጽ ይጀምራል። እንደ ሰንጠረዥ ያለ ትንሽ ነገር ለማስገባት ኢንፑት የሚባለው ይሻላል፣ እሱ ገጽ አይቀይርም። ከዚያ ኢንክሉድኦንሊ የሚባል አለ፤ ትልቅ ሥራ ላይ የሚያድነው እሱ ነው። «ዛሬ የምሠራው ስደት የሚለውን ምዕራፍ ብቻ ነው» ትሉታላችሁ፣ እሱን ብቻ ይሠራላችኋል፤ የገጹ ቁጥርና «ምዕራፍ 5ን ይመልከቱ» የሚለው ማጣቀሻ ግን በቦታቸው ይቆያሉ። እንዴት ካላችሁ፣ እያንዳንዱ ምዕራፍ ባለፈው ሲሠራ ቁጥሮቹን የመዘገበባት ኦክስ የምትባል ትንሽ ፋይል አለችው፤ ፕሮግራሙ የሚያነበው ከእሷ ነው። ስለዚህ እነዚያን ትንንሽ ፋይሎች ቆሻሻ ናቸው ብላችሁ በየደቂቃው አታጥፏቸው።

በሁለቱም ፕሮግራም ላይ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፦ «ገጽ 88ን ይመልከቱ» ብላችሁ ቁጥሩን በእጃችሁ አትጻፉ። ማጣቀሻውን ፕሮግራሙ ይሥራው። በእጅ የተጻፈ ቁጥር አንድ አንቀጽ ሲጨመር ውሸት ይሆናል፤ ውሸት መሆኑን ደግሞ ማንም አይነግራችሁም።

ወርዱ የሚያበቃበት ቀን

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ደራሲው በማይክሮሶፍት ወርድ ይጽፋሉ፣ አርታኢውም በወርድ ያርማል። አንድ ቀን ጽሑፉ ወደ ሌይአውት ይገባል። ከዚያ ቀን በኋላ እውነተኛው ጽሑፍ የት ነው ያለው? ወርዱ ላይ ነው ወይስ ሌይአውቱ ላይ? አብዛኛው ቡድን ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። ደራሲው ወርዱ ላይ ማረማቸውን ይቀጥላሉ፣ እናንተ ሌይአውቱ ላይ ታርማላችሁ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግማሽ ግማሽ የታረሙ ሁለት መጽሐፎች ይኖራሉ። እነዚህን መልሶ አንድ ማድረግ መጽሐፉን እንደገና ከማንበብ አያንስም።

መላው ቀን መቁረጥ ነው። በጽሑፍ ለሁሉም ይነገር፦ «የዚህ ምዕራፍ ወርድ ከዛሬ ጀምሮ ተዘግቷል፤ ከዚህ በኋላ እርማት የሚመጣው በፒዲኤፍ ላይ ወይም በሃርድ ኮፒ ላይ ብቻ ነው።» ለሙሉ መጽሐፉ በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም። ምዕራፍ በምዕራፍ ይዘጋ። በአንድ ሰንጠረዥ ላይ የምዕራፉን ስም፣ ወርዱ የተዘጋበትን ቀን፣ ያለበትን ደረጃና የያዘውን ሰው ጻፉ። በተለይ ይህ «የያዘው ሰው» የሚለው ቦታ ባዶ መሆን የለበትም፤ አንድ ምዕራፍ በአንድ ጊዜ በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው መሆን ያለበት። ለደራሲው ይህን በትህትና ማስረዳት የእናንተ ሥራ ነው። ታላቅ ሰው ሆነው «አንዲት ቃል ብቻ» ሲሉ እምቢ ማለት ይከብዳል። እምቢ አትበሉ፤ ፒዲኤፉ ላይ ምልክት እንዲያደርጉ ለምኗቸው።

ከመዘጋቱ በፊት ግን ጽሑፉ መጽዳት አለበት። ታይፕ ካደረጉት ልጆች አንዱ እንደ ፓወር ግዕዝ ባለ አሮጌ ፎንት ጽፎት ከሆነ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። እነዚህ ፎንቶች ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በነበረው አሠራር የላቲንን ቦታ ወስደው ነው የሚሠሩት። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው እትም ነው። መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ። አንዴ ቀይሩ፣ የድሮውን «የመጣ» ውስጥ ተዉት፣ ከዚያ እንደ ቧ፣ ኳ፣ ጿ ያሉትን ፊደሎችና የግዕዝ ቁጥሮቹን በዓይን ፈትሹ፤ ሲቀየር የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ሌላው አራት ነጥብ ነው። ግማሹ ሰው ። የምትለዋን አንዷን ምልክት ይጠቀማል፣ ግማሹ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ መትቶ ፡፡ ይላል። በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ናቸው፤ ስትፈልጉ ግማሹን ብቻ ነው የሚያመጣላችሁ፣ ከፊቱ ያለው ክፍተትም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሁሉንም በአንዴ ተክታችሁ ወደ አንዷ መልሱ። ድርብ ክፍት ቦታና በእጅ የተመታ ኢንተርም አብረው ይጥፉ።

የአጻጻፍ ዝርዝርም ያስፈልጋል። «ዓመት» ነው «አመት»? «ኃይለ ሥላሴ» ነው «ሀይለ ስላሴ»? ሦስት ሰው ታይፕ ካደረገው ሦስት ዓይነት ይሆናል። አርታኢው ይወስን፣ ውሳኔው አንድ ፋይል ላይ ይጻፍ። መጠቁም ሲሠራ ዋጋው ይታያል፤ አንድ ሰው በሁለት አጻጻፍ ከገባ መጠቁሙ ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ገጾቹም ለሁለት ይከፈላሉ።

ፎቶዎቹ

ኢንዲዛይን ላይ ፎቶ ስታስገቡ ፎቶው ራሱ ሰነዱ ውስጥ አይገባም። የሚገባው አድራሻውና ለማየት ያህል የሚሆን ደካማ ምስል ነው። ፎቶውን ከቦታው ካነሳችሁት ወይም ስሙን ከቀየራችሁት አድራሻው ይበጠሳል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምስሉ አሁንም ይታያችኋል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው። እንደዚያው ከወጣ ደካማው ምስል ይታተማል፣ የአያታችን ፎቶ ጭጋግ ሆኖ ይመጣል። ሊንክስ የሚባለውን መስኮት ክፍት አድርጋችሁ ሥሩ፤ የጥያቄ ምልክት ያለበት ፎቶ ካለ መጀመሪያ እሱን ፍቱ።

ፎቶ ሁሉ ከመምጣቱ ቁጥር ይሰጠው፦ 001፣ 002 እየተባለ። ዜሮዎቹ አይዘለሉ፤ ካልሆነ አንዳንድ ፕሮግራም ላይ 10 ከ2 በፊት ይመጣል። ቁጥሩ ከገጽ ጋር አይገናኝ፣ የመጣበት ተራ ይሁን፣ ፎቶው መጽሐፉ ውስጥ የትም ቢዞር አይቀየርም። ከዚያ ሰንጠረዥ ክፈቱ። ቁጥር 047፦ ማን ማን አለ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መቼ፣ የት፣ ማን ሰጠን፣ ኦሪጅናሉ ለማን ይመለስ። የመጨረሻውን አትናቁት፤ ሰው ከአልበሙ ገንጥሎ ያመናችሁን የቤተሰብ ፎቶ ነው የያዛችሁት። የፎቶው መግለጫም እውነተኛ ቦታው ይህ ሰንጠረዥ ይሁን።

ለኅትመት 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ያስፈልጋል፤ በገጹ ላይ በሚወጣበት መጠን ማለት ነው። 10 ሳንቲሜትር ስፋት እንዲኖረው የፈለጋችሁት ፎቶ ወደ 1,200 ፒክስል ይፈልጋል። ትንሽ ፎቶ አሳድጋችሁ ልታወጡ ካሰባችሁ በ600 ስካን አድርጉት። በቴሌግራም የሚመጣ ከሆነ ላኪው እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላከው፤ እንደ ፎቶ ከላከው ይጨመቃል፣ የተጨመቀ ደግሞ አይመለስም። ኦሪጅናሉ ስካን ሳይነካ ይቀመጥ፣ ያጸዳችሁትና የቆረጣችሁት በሌላ ንዑስ ፎልደር ይሁን፣ ቁጥሩ ግን ያው ይሁን።

ቅጂ

ላቴክ የምትጠቀሙ ከሆነ ጊትን ተማሩ። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ለፕሮግራመሮች የሠራው ነው፤ ግን ተራ ጽሑፍ ላለው ሥራ ሁሉ ይሆናል። ማን የቱን መስመር መቼ እንደቀየረ ይመዘግባል፣ ወደ ኋላም ይመልሳል። ለኢንዲዛይን ፋይል ያን ያህል አያገለግልም፤ ውስጡን አንብቦ ልዩነቱን ሊያሳያችሁ አይችልም። እዚያ ላይ በየማታው ቀን የተጻፈበት ቅጂ ማስቀመጥ ይበቃል።

ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ሱቅ በአጭር ጊዜ ነው ዕቃውን ጭኖ የወጣው። የዓመታት ሥራው አንድ ዴስክቶፕ ውስጥ ብቻ ያለ ሰው እንደዚያ ባለ ጊዜ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅትም። ፍላሽ ደግሞ ለማጓጓዣ ነው፣ ለማስቀመጫ አይሆንም፤ ከአንዱ ጽሑፍ ቤት ወደ ሌላው ሲዞር ቫይረስ ሰብስቦ ነው የሚመለሰው።

ወደ ማተሚያ ቤት

ሽፋኑ ሁልጊዜ ለብቻው ፋይል ነው፣ የሚያልቀውም በመጨረሻ ነው። የጀርባው ውፍረት በገጹ ብዛትና በወረቀቱ ክብደት ስለሚወሰን የገጹ ብዛት ሳይቆረጥ ሽፋን ጨረስን ማለት አይቻልም። ገጹም ራሱ እንደፈለገ አያልቅም። መጽሐፍ በብዛት የሚታጠፈው በ16 ገጽ ጥራዝ ነው፤ 512 በደንብ ይገባል፣ 515 ግን ጣጣ አለው። ምዕራፎቹ ለየብቻ ከሆኑ ሦስቱን ገጽ የት ላይ ማጠፍ እንደሚቻል ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ።

የምትልኩት ፎንቱ ውስጡ የተካተተበት ፒዲኤፍ ነው። ማተሚያ ቤቱ ኢንዲዛይኑን ራሱን ከፈለገ ፓኬጅ በሚለው አውጡት፤ ሰነዱን፣ ፎቶውንና ፎንቱን በአንድ ፎልደር ይሰበስባል። የእነሱ ፕሮግራም ከእናንተ ያረጀ ከሆነ የእናንተን ፋይል አይከፍትም፤ አይዲኤምኤል በሚባለው መልክ ጨምራችሁ ስጧቸው። ከሄደ በኋላ ያው የሄደው፣ ሳይነካ፣ «የወጣ» ውስጥ ይቀመጥ።

ከዚያ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ጻፉና ዋናው ፎልደር ላይ አስቀምጡ፤ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል «አንብበኝ» በሉት። የፕሮግራሙ ስምና እትም፣ ፎንቱ ከነእትሙ፣ የገጹ መጠንና ህዳጉ፣ ከወመዘክር (ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) የወጣው አይኤስቢኤን የሚባለው የመጽሐፉ መለያ ቁጥር፣ ዋናው ፋይል የቱ እንደሆነ፣ የአጻጻፍ ዝርዝሩ የት እንዳለ ይኑርበት። ፎንቱን በተለይ አትርሱ፤ አዲስ እትም ሲወጣ የፊደሉ ስፋት ትንሽ ከተለወጠ መስመሩ ይገፋል፣ ገጹ ይገፋል፣ መጠቁሙም ሳይቀር ይዛባል። መጽሐፉ አልቆ፣ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ጋ ብቻ የሚገኝ ሲሆን ደራሲው ወይም ልጃቸው «ሁለተኛ እትም እናውጣ» ብለው ይመጣሉ። ያን ጊዜ እናንተ ሌላ ሥራ ላይ ትሆኑ ይሆናል። ፎልደሩን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው፤ መጀመሪያ የሚያነበውም ያቺን ፋይል ነው።